ስለት፣ ልክፍት፣ ምናኔ፦ ፍቅር በ«ፍቅር እስከ መቃብር» እና በ«ዉዘሪንግ ሃይትስ»

መስከረም 21 ቀን ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ የሚወጣውን ሕዝብ ያየ ሰው፣ ስለት ምን እንደሆነ ማብራሪያ አያስፈልገውም። አምባሰል ውስጥ፣ በመስቀል ቅርጽ በተዘረጋው በዚያ አምባ አናት ላይ ከየአገሩ የሚሰበሰበው ምእመን ጃንጥላውን፣ ጧፉን፣ ዕጣኑን ይዞ ይመጣል። አንዱ አዲስ ስለት ሊሳል፣ ሌላው የተሳለውን ሊያደርስ ነው። ከሚያደርሱት መካከል ልጇን እጁን ይዛ ዳገቱን የምትወጣ እናት አትጠፋም። ልጁ ስለቱን አያውቀውም። እሱ በጨቅላነቱ ታሞ ሳለ፣ ወይም ገና ሳይፀነስ፣ እሷ የተሳለችው ነው። ዕዳው ግን የእሱም ሆኗል፤ ዳገቱን በራሱ እግር የሚወጣው እሱ ነውና።

ስለ ሁለት ልቦለዶች ለሚናገር መጣጥፍ ይህ ሩቅ መነሻ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ በሐዲስ ዓለማየሁ ድርሰት ውስጥ የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ፍቅር ከመወለዱ አስቀድሞ የተወለደ አንድ ነገር አለ፤ እሱም ስለት ነው። የበዛብህ ወላጆች ልጃቸው በሕይወት እንዲኖርላቸው ለእግዚአብሔር ሰጥተውታል፤ ሚስት ሳያገባ፣ በንጽሕና ቤተ ክርስቲያንን እያገለገለ እንዲኖር ቃል ገብተውለታል። የግሸንን ዳገት የሚያውቅ አንባቢ ይህን ሲያነብ፣ ደራሲው ለታሪኩ ማወሳሰቢያ የፈጠሩት ዘዴ ነው ብሎ አያልፈውም። የዚያን ልጅ እጅ ያያል።

ይህ መጣጥፍ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን እና እንግሊዛዊቷ ኤሚሊ ብሮንቴ በ1847 (እ.ኤ.አ.) ኤሊስ ቤል በሚል የብዕር ስም ያሳተመችውን «ዉዘሪንግ ሃይትስ»ን ጎን ለጎን አድርጎ ለማየት ይሞክራል። ስለ ሐዲስ ድርሰት ብዙ ተብሏል፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ከተረከው ወዲህ መጽሐፉን ገልጦ የማያውቅ ሰው እንኳ ሰብለንና በዛብህን እንደ ጎረቤቱ ልጆች ያውቃቸዋል። ስለ ኤሚሊ ብሮንቴም በአገሯ የተጻፈው ተቆጥሮ አያልቅም። ሁለቱን አንድ ላይ ለማንበብ የሚገፋፋው ግን ቀላል የሆነ አንድ መመሳሰል ነው። ሁለቱም ደረጃቸው የማይገናኝ የተባለ ወንድና ሴት ታሪክ ናቸው፤ ሁለቱም የሚያልቁት መቃብር ላይ ነው፤ ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ በሁለቱም መጨረሻ ላይ የሚቀበሩት ሁለት ሰዎች ሳይሆኑ ሦስት መሆናቸው ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በእንግሊዝ አገር በአምባሳደርነት መቀመጣቸውን የሚያውቅ አንባቢ ወዲያው ወደ ተጽዕኖ ጥያቄ ሊዞር ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ነገር ግን እሱ አይደለም። ነገሩ አንድ ነው፦ ፍቅር በየትኛው ቦታ ላይ ፍቅር መሆኑን ትቶ ሌላ ነገር ይሆናል?

እዚህ ላይ የቃል ችግር ያጋጥመናል። ሰው በአንድ ሐሳብ ወይም በአንድ ሰው ተይዞ መላቀቅ ሲያቅተው እንግሊዞች የሚጠሩበት አንድ ቃል አላቸው። እኛ አንድ የለንም፤ ብዙ አለን። አባዜ እንላለን፤ ይህ ግን ከመጥፎ ልማድ ያልራቀ፣ ትንሽ ንቀት ያለበት ቃል ነው። ልክፍት እንላለን፤ ይህ ደግሞ ከውጭ መጥቶ የሚይዝ፣ ሰውየውን የሚጋልብ፣ በጠበልም በቃልቻም የሚፈለግ ነገር ነው። በሌላ ወገን ስለትና ምናኔ አሉ። አንድን ነገር ብቻ መፈለግ፣ ለእሱ ሲሉ ሌላውን ሁሉ መተው፣ ዓመታት የማያደክሙት መሆን፤ ይህ ሁሉ በመናኙ ዘንድም አለ። ግን መናኙን ተለክፏል አንለውም። እንግዲህ በአማርኛ ስናስብ በአንድ ነገር መያዝ በራሱ ደግ ወይም ክፉ አይደለም፤ ማን ያዘው፣ ለማን ሲል ተያዘ፣ ዋጋውንስ ማን ከፈለው ብለን መጠየቅ ይኖርብናል። የሁለቱን ድርሰቶች ልዩነት ለማየት ይህ የቃላት ብዛት ችግር ሳይሆን ጥቅም ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

በመጀመሪያ ልክፍቱን እንመልከት። ሂትክሊፍ ሚስተር ኧርንሾ የተባለ ባለርስት ከሊቨርፑል ከተማ መንገድ ላይ አንሥቶ ያመጣው፣ ዘሩ የማይታወቅ ልጅ ነው። በዮርክሻየር ነፋሻማ ኮረብታ ላይ ባለው ቤት ከባለርስቱ ልጅ ከካትሪን ጋር ያድጋል። አባት ሲሞት ወንድምየው ሂንድሊ ልጁን ከቤተሰብ አባልነት አውጥቶ ከአሽከር ያኖረዋል። ካትሪን ሂትክሊፍን ከራሷ ለይታ አታየውም፤ ነገር ግን እሱን ማግባት እንደሚያዋርዳት ለሞግዚቷ ለኔሊ ስትናገር፣ እሱ ተደብቆ ይሰማል። ይህን ሰምቶ ይወጣል፤ ቀጥላ የተናገረችውን፣ ማለትም ሁለቱ አንድ ነፍስ እንደሆኑ የገለጸችበትን ክፍል አይሰማም። በልቦለዱ ውስጥ የሚደርሰው ጥፋት ሁሉ በዚህ ግማሽ ንግግር ላይ የተመሠረተ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከሦስት ዓመት በኋላ ገንዘብ ይዞ ይመለሳል፤ እሷ በዚህ ጊዜ ኤድጋር ሊንተን የተባለውን ጨዋ ሰው አግብታለች።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሂትክሊፍ በፍቅር የተቃጠለ ጀግና አድርጎ የሚያነብ ብዙ ነው። ፊልሞችም ይህን አንባቢ አበረታተውታል፤ የታወቀው የ1939 (እ.ኤ.አ.) ፊልም የመጽሐፉን ሁለተኛ አጋማሽ ጨርሶ ትቶታል። ደራሲዋ ግን ገና በመጽሐፉ መሐል አንባቢዋን አስጠንቅቃለች። የኤድጋር እኅት ኢዛቤላ እንደዚያ ያለ ጀግና መስሏት ሂትክሊፍን ተከትላ ትኮበልላለች፤ ሂትክሊፍ ራሱ በዚህ ሞኝነቷ ይሳለቅባታል፤ ያሠቃያታልም። ኢዛቤላ በመጽሐፉ ውስጥ ያለች የዚያ ዓይነት አንባቢ ናት ማለት ነው፤ ብሮንቴ የፈረደችባትም ያለ ርኅራኄ ነው።

ሂትክሊፍ የሚያደርገውን በዝርዝር ስናየው የሚያስደነግጠው የፍቅሩ ጽናት አይደለም። የሂሳቡ ጥራት ነው። ሂንድሊን በቁማርና በመጠጥ አደህይቶ ቤቱን በመያዣ ይወስድበታል። የሂንድሊን ልጅ ሄርተንን እሱ ራሱ በተዋረደበት መንገድ፣ ፊደል ሳይቆጥር፣ አሽከር አድርጎ ያሳድገዋል። የሞተችውን የካትሪንን ልጅ፣ ስሟም እንደ እናቷ ካትሪን የሆነችውን፣ በሞት አፋፍ ላይ ላለው ለገዛ ልጁ በግድ ድሮ የኤድጋርን ርስት ይጠቀልላል። ካትሪን የሞተችው ልጇን በወለደች በሰዓታት ውስጥ ነው፤ ሂትክሊፍ ከዚያ በኋላ አሥራ ስምንት ዓመት ያህል ይኖራል። በነዚያ ዓመታት ለአንዲት ሙታን የሚከፈለውን ዕዳ የሚያስከፍለው ከሕያዋን ነው። እሷ እንደሞተች መንፈሷ እንዲያሳድደው ይለምናል፤ ዕረፍት እንዳታገኝም ይራገማል። እዚህ ላይ ልክፍት የሚለው ቃላችን ከማንኛውም ቃል ይልቅ ትክክል ነው። ልዩነቱ፣ የኛ አገር የተለከፈ ሰው ቤተሰቡ እጅና እግሩን ይዞ ወደ ጠበል የሚወስደው መሆኑ ነው፤ ሂትክሊፍ ግን ልክፍቱን ራሱ ጠርቶታል፤ እንዲለቀውም አይፈልግም።

ወደ «ፍቅር እስከ መቃብር» ስንመለስ በመጀመሪያ የምናስተውለው ነገር ተቃራኒው ነው። አፍቃሪዎቹ ልከኞች ናቸው። በዛብህ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለው፣ ድምፀ መልካም፣ ቅኔ አዋቂ የገጠር ተማሪ ነው፤ ሰብለም ረጋ ያለች ልጅ ናት። በአንድ ነገር ተይዘው መላቀቅ ያቃታቸው ሰዎች በዙሪያቸው ያሉት ናቸው። ፊታውራሪ መሸሻ በዘር ሐረጋቸው ተይዘዋል። ለልጃቸው የሚመጣው ባል ሁሉ ከአጥንታቸው ጋር ይመዘናል፤ ሁሉም ይቀላል፤ ልጅቱም የትዳር ዕድሜዋ እያለፈ ትቀመጣለች። ባላገሩ የጠየቁትን አንሰጥም ሲላቸውም ይኸው አባዜ ያዘምታቸዋል፤ ተማርከውም የአገር መሳቂያ ይሆናሉ። ሐዲስ ይህን ክፍል የጻፉት እየሳቁ ነው፤ አንባቢም እየሳቀ ያነበዋል። ነገር ግን ሳቁ ካለፈ በኋላ የሚቀረው ነገር አለ። ይህ ሰው አንድም ቀን ልጁን እንደ ጠላት አላያትም። የሚወዳትን ልጅ በሚወደው ክብሩ ውስጥ ቆልፎባታል።

እዚህ ላይ ስለ ግሸን የተነሣውን ነገር በሌላ በኩል ማንሣት ይቻላል። ግሸን የጽላትና የስለት ቦታ ብቻ አልነበረችም። በመካከለኛው ዘመን፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የግራኝ አሕመድ ጦር አምባውን እስከያዘበት ጊዜ ድረስ፣ የንጉሥ ዘር የሆኑ ወንዶች ለዙፋን እንዳይሻሙ የሚቀመጡባት ቦታ ነበረች። በ1520 (እ.ኤ.አ.) ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለ እነዚህ እስረኞች ጽፏል። ወሬው አውሮፓ ደርሶ እየተለወጠ ሄዶ፣ እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው በ«ራሴላስ» ውስጥ ምንም የማይጎድልበት የደስታ ሸለቆ ሆነ። መጽሐፉን ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል። ጆንሰን አምባውን ሸለቆ ማድረጉ ያስቃል፤ አንድ ነገር ግን በትክክል ገብቶታል፤ ሰው የሚያስፈልገው ሁሉ ተሟልቶለት እስረኛ ሊሆን ይችላል። በግሸን የነበሩት መሳፍንት የታሰሩት በጥፋታቸው አልነበረም፤ በደማቸው ነው። ሰብለ ወንጌልም በአባቷ ቤት የተቆለፈባት በደሟ ነው። ጌታ ቤት ውስጥ፣ አገልጋይ ሳይጎድልባት፣ ከዘሯ የተነሣ ሕይወት እንዳያገኛት የተደረገች ልጅ ናት። ሐዲስ ስለ ግሸን አልጻፉም፤ ታሪካቸው ጎጃም ውስጥ ነው። ሆኖም የፊታውራሪ መሸሻ ቤት አምባ መሆኑን ማየት ድርሰቱን ከተራ «የድሃና የባለጸጋ ፍቅር» ንባብ ያወጣዋል።

ሁለተኛው አባዜ ስለቱ ነው። ይህኛው ከፊታውራሪው ይከብዳል፤ ምክንያቱም ክፉ ሰው የለበትም። ቦጋለና ውድነሽ ልጃቸውን የሰጡት ስለወደዱት ነው። በዛብህም ስለቱን የሚያከብረው ስለሚወዳቸው ነው፤ ቢያፈርሰው መዓት እንደሚመጣ ያምናል። በሂትክሊፍ ፊት የቆመው ግድግዳ ከውጭ ነው፤ የሰው ንቀትና ገንዘብ ነው፤ ገንዘብ አግኝቶ ሊያፈርሰው ይችላል፤ አፈረሰውም። በበዛብህ ፊት የቆመው ግን ውስጡ ነው። የእናቱ ፍቅር በአንድ በኩል፣ የሰብለ ፍቅር በሌላ በኩል ሆነው ይጎትቱታል። በአማርኛ ልቦለድ ውስጥ የሰው ልብ ከራሱ ጋር ሲሟገት እንዲህ በዝርዝር የታየበት ከዚህ በፊት አላውቅም።

ይህን ካልኩ በኋላ አንድ ቅሬታ ማንሣት ግድ ይሆንብኛል። በዛብህ እንደ ገጸ ባሕርይ ደካማ ነው። ሕይወቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብንከተለው የሚደረግበት እንጂ የሚያደርግ ሆኖ አናገኘውም። ይሰጣል፤ ይላካል፤ ይቀጠራል፤ ነገሩ ሲታወቅ ይሸሻል፤ በመጨረሻም በመንገድ ላይ ይወድቃል። ለዚህ ደራሲውን የሚከላከል ሊኖር ይችላል። ከእናቱ ማኅፀን ጀምሮ ለሌላ የተሰጠ ሰው እንዴት ራሱን ያዝዛል? ክርክሩ ጥሩ ነው፤ ግን ሁሉን አይሸፍንም። ሂትክሊፍን ስንጠላው እንኳ ቀጥሎ ምን ሊያደርግ ነው ብለን እንሰጋለን። በዛብህን ስንወደው እንኳ ቀጥሎ ምን ሊደርስበት ነው እንላለን። ልቦለዱ ከመሐል በኋላ ትንፋሹን የሚያገኘው ከሰብለ ነው።

ሰብለን የከፈተላት ትምህርት ነው። በዛብህ ወደዚያ ቤት የገባው ሊያስተምራት ነው፤ ፍቅሩም በፊደልና በመጽሐፍ መካከል ያድጋል። የሚያስገርመው በ«ዉዘሪንግ ሃይትስ»ም ተመሳሳይ ትዕይንት መኖሩ ነው፤ ግን ከሂትክሊፍና ከካትሪን ዘንድ አይደለም። ሂትክሊፍ መሃይም አድርጎ ያሳደገውን ሄርተንን፣ ልጅ ካትሪን በመጨረሻ ታስተምረዋለች። መጀመሪያ ትስቅበታለች፤ በኋላ ይቅርታ ጠይቃው መጽሐፍ ትሰጠዋለች። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲያነቡ ሂትክሊፍ ያያቸዋል፤ በቀሉን ሊፈጽም የቀረው ጥቂት ሆኖ ሳለ ፍላጎቱ ከእጁ ይወድቃል። በሁለቱም ደራሲዎች ዘንድ ማስተማር የልክፍት ተቃራኒ ነው። የሚያስተምር ሰው ሌላው ከእሱ የተለየ መሆኑን፣ የማያውቀው ነገር እንዳለ፣ ጊዜ እንደሚያስፈልገው ይቀበላል። ሂትክሊፍና የመጀመሪያዋ ካትሪን ግን አንዱ ሌላውን ማስተማር አይችሉም፤ አንድ ነን ብለዋልና። አንድ የሆነ ነገር ለራሱ ምን ያስተምራል?

እንግዲህ ወደ መቃብሩ እንምጣ።

ሂትክሊፍ የካትሪንን መቃብር ሁለት ጊዜ ይቆፍራል። አንዴ በተቀበረችበት ዕለት ማታ በረዶ ላይ፤ እንደገና ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ባልየው ኤድጋር ከጎኗ ሲቀበር። በሁለተኛው ጊዜ ለመቃብር ቆፋሪው ገንዘብ ሰጥቶ የሬሳ ሳጥኗን አንድ ጎን ያስለቅቃል፤ እሱም ሲሞት የእሱ ሳጥን ጎን እንዲለቀቅ ያዝዛል። ዓላማው አፈራቸው እንዲቀላቀል ነው። ሰማይ አይፈልግም። ካትሪንም አትፈልግም፤ በሕልሟ ሰማይ ቤት ገብታ፣ ወደ ምድር ካልመለሳችሁኝ ብላ ስታለቅስ መላእክት ተቆጥተው እንደወረወሯት ለኔሊ ተርካላታለች። በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ተራኪው ሎክዉድ ሦስት የመቃብር ድንጋዮች ያያል፤ በመሐል ካትሪን፣ በአንድ ወገን ባሏ፣ በሌላው ሂትክሊፍ። እሱ ሰላም ያለበት ቦታ ይመስለዋል። የአገሩ ሰው ግን እዚያ ለመሄድ ይፈራል፤ ከመንደሩ አንድ እረኛ ልጅ ሂትክሊፍንና አንዲት ሴት አየሁ ብሎ በጎቹን ይዞ ማለፍ አቅቶት ሲያለቅስ ኔሊ አግኝታዋለች።

ሰብለ ወንጌል ከአባቷ ቤት የወጣችው የመነኩሴ ልብስ ለብሳ፣ ማንነቷን ደብቃ ነው። በዛብህን ስታገኘው ለሞት ቀርቦ ነበር። እሱ ከተቀበረ በኋላ ለመሸሸጊያ የለበሰችውን ልብስ በእውነት ትለብሰዋለች፤ ትመነኩሳለች። ይህን ሽግግር ብዙዎቻችን እንደ ልማድ እናልፈዋለን፤ ያዘነች ሴት ቆብ መድፋቷ በአገራችን አዲስ አይደለምና። ግን የምንኩስናን ሥርዓት እናስታውስ። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አንድ ሰው ሲመነኩስ ጸሎተ ፍትሐት ይደረስለታል፤ ለዓለም ሞቷልና እንደ ሙት ይቆጠራል። ይህን ይዘን ርዕሱን ስናነበው ሌላ ትርጉም ይመጣል። «እስከ መቃብር» የሚለው ቃል ፍቅሩ የሚዘልቅበትን የጊዜ ርዝመት ብቻ የሚናገር አይደለም። ሰብለ በዛብህን የተከተለችው በሥጋ ስትሞት ሳይሆን ቆብ ስትደፋ ነው፤ መቃብር ገብታ ነው የኖረችው። ሂትክሊፍ የሞተችውን ወደ ሕያዋን ዓለም ሊጎትታት አሥራ ስምንት ዓመት ለፋ። ሰብለ የሞተውን ባለበት ትታ እሷ ወደ እሱ ሄደች።

ልዩነቱ በፍቅሩ ብርታት ላይ አይደለም ብዬ አምናለሁ። ተማሪዎች ይህን ንጽጽር ሲሠሩ ብዙ ጊዜ ሂትክሊፍን ወደ ሰይጣን፣ ሰብለን ወደ ጻድቅ ይመድቡና ወረቀቱን ይዘጉታል። ነገሩ እንደዚያ አይዘጋም። ሁለቱም ከዚያ ሰው በቀር የሚፈልጉት የላቸውም፤ ሁለቱም ከሞቱ በኋላ እንኳ አልለቀቁም። ሁለቱም መቃብር ሥር ነው ያሉት። ሂትክሊፍ ዋጋውን ከሌላ ሰው ኪስ ያወጣል፤ ሰብለ ከራሷ። ከማን እንደሚወጣ መጠየቅ ደግሞ የሥነ ምግባር ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ የታሪኩን ቅርጽ የወሰነው እሱ ነው። «ዉዘሪንግ ሃይትስ» ሁለተኛ ትውልድ የሚያስፈልገው ሂትክሊፍ የሚያስከፍለው ሰው ስለሚያስፈልገው ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» ያለ ልጅ የሚያልቀው ከሰብለ ኀዘን የሚወርሰው ሰው ስለሌለ ነው።

ታዲያ ከባዱ ጥያቄ እዚህ ይመጣል። ስለት የሰውን ሕይወት እንዴት እንደሚያደናቅፍ በመቶዎች ገጾች ያሳዩት ሐዲስ፣ ጀግናቸውን በመጨረሻ ለምን ሌላ ስለት ውስጥ አስገቧት? ምንኩስናም ቃል ኪዳን ነው። በዛብህ እንዳያገባ የከለከለው ያ ንጽሕና፣ አሁን የሰብለ ሆነ። ወላጆቹ ለእሱ የቆረጡለትን ልብስ እሷ ለበሰችው። ሊቃውንት ሆይ፣ ይህ የደራሲው ሽንፈት ነው የሚል ክርክር ቢነሣ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ያረጀውን ሥርዓት ተችቶ ተችቶ፣ ሴቲቱን ለመሸኘት ሲሞክር ያገኘው በር ያው የአሮጌው ሥርዓት በር ሆነ ሊባል ይችላል። ሴት ኀዘኗን በራሷ ላይ ብቻ እንድታወጣው ማድረግም የዚያው ሥርዓት ትምህርት ነው የሚል ቢመጣ፣ ልክ የለህም ለማለት አልደፍርም። ሂትክሊፍ በዓለም ላይ ሊበቀል የቻለው ወንድ ስለሆነና ሦስት ዓመት ጠፍቶ ገንዘብ ሊያገኝ ስለሚችል ነው። ሰብለ ይህ መንገድ አልነበራትም።

ቢሆንም በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ሐዲስ በዚህ ቦታ አልተሸነፉም። በግሸን ዳገት ላይ ያየነውን እናስታውስ። ሌላ ሰው በአንተ ስም የተሳለውን ስለት ማድረስና አንተ የተሳልከውን ማድረስ ለሚያይ ሰው አንድ ናቸው፤ ዳገቱም፣ ጧፉም፣ ድካሙም አንድ ነው። ለሚወጣው ግን አንድ አይደሉም። በዛብህ ሊሸከም ያልቻለው ሌሎች የተሳሉበትን ነው። ሰብለ የገባችው ራሷ በመረጠችው ነው፤ በሕይወቷም ውስጥ ምናልባት ከቤት መውጣቷ የመጀመሪያው፣ ይህ ሁለተኛው የራሷ ውሳኔ ነው። አባቷ ለትዳር ሊወስኑላት የቆየውን ገላና ስም፣ እሷ ለፈለገችው ሰጠች። ደስ የሚል መጨረሻ አይደለም። ምርጫውም ጠባብ ነበር። ግን ጠባብ ምርጫ ምርጫ አለመሆን ማለት አይደለም፤ ደራሲውም የጠበበውን ነገር እንዳለ ማሳየታቸው ከማስፋት የበለጠ ታማኝነት ሆኖ ይታየኛል። ድርሰቱ የታተመው የባላባቱ ሥርዓት ገና በቆመበት በ1958 ዓ.ም. ነው፤ የገጠር መሬት አዋጅ የወጣው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1967 ዓ.ም. ነው። በ1958 ዓ.ም. ላይ ሆኖ ለሰብለ ሰፊ በር መክፈት ምኞት ይሆን ነበር።

ሦስተኛው ሰው ቀርቷል። በዮርክሻየሩ መቃብር ሦስተኛው ኤድጋር ነው፤ ሕጋዊው ባል፣ ሂትክሊፍ በሞት ውስጥ እንኳ ከካትሪን ሊለየው የሚጥረው ሰው። ሂትክሊፍ ሳጥኑን ያስለቀቀው በራሱ ወገን ብቻ ነው፤ የባልየውን ወገን እንደተዘጋ ትቶታል። ሦስት ድንጋይ ጎን ለጎን ቆሞ በመሬቱ ሥር ግን ቅናቱ አልቆመም። በሐዲስ ዘንድ ሦስተኛው ካሣ ዳምጤ ነው፤ አገሩ ጉዱ ካሣ ያለው። እሱም በአንድ ሐሳብ የተያዘ ሰው ነው፤ ያየውን እውነት ለማንም ሳይል አይውልም፤ የጌታ ዘመድ ሆኖ አገልጋይ የነበረችውን አገባ፤ እብድ ተባለ። በመጽሐፉ ውስጥ በሰው ፊት አባዜ አለበት ተብሎ በግልጽ ስም የወጣለት እሱ ብቻ መሆኑን ልብ ይሏል። ፊታውራሪ መሸሻን ማንም እብድ አላላቸውም። ወላጆቹም ስለታቸው አልተነቀፈባቸውም። ሁለቱን አፍቃሪዎች ያለ ምንም ጥቅም የወደደው፣ የአንዱንም ድርሻ ያልፈለገው እሱ ነው።

ከተማሪዎቼ አንዷ፣ የአምባሰል ልጅ ናት፣ በክፍል ውስጥ ጉዱ ካሣ ከሁለቱ ጋር መቀበሩ አይገባም ብላ ተከራክራ ነበር፤ ባልና ሚስት ያልሆነ ሰው በዚያ መካከል ምን ያደርጋል አለች። ሌላው ተማሪ ምስክር ነው አላት። ምስክር መቃብር ውስጥ ምን ይመሰክራል ብላ መለሰችለት። ያን ቀን መልስ አልሰጠሁም። አሁን ግን የኤድጋርን የተዘጋ ሳጥን ሳስታውስ፣ ሐዲስ ያንን መቃብር ሦስተኛ ሰው እንዲገባበት ክፍት አድርገው መተዋቸው ከድርሰቱ ሁሉ በበለጠ ፍቅር ምን ይመስላቸው እንደነበር ያሳየናል እላለሁ። የሂትክሊፍ መቃብር ለሦስተኛ ሰው ቦታ የለውም። የሰብለና የበዛብህ ግን አለው።